ራስ እምሩ የታሰሩባት ደሴት

ፖንዛን በብስክሌት ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይበቃል። ከወደቡ እስከ ሰሜናዊው ጫፍ ያለው መንገድ ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠቅላላ ስፋቷም ከ8 ስኩዌር ኪሎ ሜትር አያልፍም። ከሮም በስተደቡብ በቲሬኒያን ባሕር ላይ የተቀመጠች፣ ወገቧ የቀጠነ፣ ዳር ዳሯ ገደል የሆነ ደሴት ናት። አጭር ናት ብሎ የሚንቃት ብስክሌተኛ ግን ወዲያው ይቀጣል። ሜዳ የሚባል ነገር የለም፤ ዳገቱን ጨረስኩ ስትል ቁልቁለት፣ ቁልቁለቱ ሳያልቅ ደግሞ ሌላ ዳገት ይቀበልሃል። ጉልበትን፣ ማርሽንና ፍሬንን የሚፈትን አገር ነው።

እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ብስክሌት የሁሉ ሰው እግር በነበረበት ከተማ አድጌ፣ ሮም መጥቼም እንጀራዬ ብስክሌት መጠገን ሆነ። የዕረፍት ቀን ሲገኝ ባቡር ላይ ብስክሌቴን ጭኜ እወጣለሁ። ፖንዛ የሄድኩት ግን ለመዝናናት አይደለም። አያቴ ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረበት በ1928ቱ ዘመቻ ከጎጃም ተነሥቶ ወደ ሽሬ ከዘመተው ከራስ እምሩ ጦር ጋር ነበሩ። ስለ ጦርነቱ ብዙ አይናገሩም፤ ሁልጊዜ የሚሏት አንዲት ነገር ግን ነበረች፦ ጌታዬን ወስደው ባሕር መካከል አስቀመጧቸው። በልጅነቴ ይህን ስሰማ ከጣና ገዳማት አንዱ ይመስለኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ ነው የደሴቲቱን ስም ያገኘሁት። ሮም ውስጥ ከምኖርበት ሰፈር በባቡርና በጀልባ የግማሽ ቀን መንገድ መሆኑን ሳውቅ ደግሞ አርፌ መቀመጥ አልቻልኩም።

ደሴቲቱን የሠራት እሳተ ገሞራ ነው። እሳቱ ከጠፋ አንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ስለሆነው እንደ ኤትና ወይም እንደ ስትሮምቦሊ ጭስ አታይም። ነገር ግን መንገዱ ተራራውን በቆረጠበት ቦታ ሁሉ ታሪኩ በቀለም ተጽፎ ይታያል። ቅልጡ አለት ከባሕር ሥር ሲወጣ ውኃው ሰባብሮት፣ እየተከመረ ነጭና ቢጫ ገደል ሆኗል። በደቡብ በኩል 280 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የሞንቴ ጉዋርዲያ ተራራ ደግሞ ከሁሉ በኋላ በፈሰሰ ጥቁርና ጠንካራ ድንጋይ የተሸፈነ ነው። ከጎን ያለችው የፓልማሮላ ደሴት ባልጩት አላት። የድንጋይ ዘመን ሰዎች ያን ባልጩት ለስለት ፈልገው ባሕሩን በታንኳ እየተሻገሩ ወደ ዋናው ምድር ያመጡት ነበር። በደቡብ አገራችን ቆዳ ፋቂዎች እስከ እኛ ዘመን ድረስ ሲሠሩበት የኖሩት ያው ጥቁር የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ነው። የደሴቲቱ የመጀመሪያ ታሪክ የንግድ ታሪክ ነው ማለት ነው። የእስር ታሪኳ የመጣው ከመንግሥታት ጋር ነው።

ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ313 እዚህ ቅኝ ሰፈር መሠረቱ። ኢምፓየሩ ሲደላደል ቤተ መንግሥቱ የማይፈልጋቸውን ዘመዶቹን የሚጥልበት ቦታ አደረጋት። የጀርማኒከስ ልጅ ኔሮ (ንጉሠ ነገሥቱ ኔሮ አይደለም) እዚህ ተግዞ ሞተ፤ እ.ኤ.አ. በ39 ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ካሊጉላ የገዛ እኅቶቹን ወደነዚህ ደሴቶች አጋዘ። እ.ኤ.አ. በ537 የሮም ጳጳስ ሲልቬርዮስ ከመንበሩ ተገፍቶ ወደነዚህ ደሴቶች ተሰደደ፤ የደሴቲቱም ጠባቂ ቅዱስ እርሱ ነው። በየዓመቱ በፈረንጆቹ ሰኔ 20 ምስሉን በጀልባ ጭነው ባሕሩን ያዞሩታል። ወደ ኒው ዮርክ የተሰደዱ የፖንዛ ሰዎችም በዓሉን ይዘውት ሄደዋል። ሕዝቡ ከነገሥታቱ ሁሉ መርጦ የያዘው አንድ ግዞተኛ መሆኑ ይገርመኛል።

ዛሬ የሚታየውን መንደር የሠሩት የናፖሊ ቡርቦኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1734 ደሴቲቱ በንጉሣቸው በቻርለስ እጅ ስትገባ ከኢስኪያ፣ በኋላም ከቶሬ ዴል ግሬኮ ሰዎች አምጥተው አሰፈሩባት። ሰፋሪው የተሰጠው ገደልና ድንጋይ ነው። ቤቱን ለስላሳው አለት ውስጥ ቆፍሮ ሠራ፤ ዳገቱን በድንጋይ ካብ እያሰረ እርከን አወጣ፤ ወይንና ጥራጥሬ ዘራ። ብስክሌት እየገፋህ ዳገቱን ስትወጣ በግራ በቀኝ የምታየው ካብ ሁሉ የእነዚያ ሰዎች እጅ ሥራ ነው። ብዙው አሁን ቁጥቋጦ ውጦታል። ግማሽ ክብ ሆኖ የተዘረጋው፣ ቤቶቹ በሮዝና በቢጫ የተቀቡት ወደብም የተሠራው በዚያው ምዕተ ዓመት ነው።

ቡርቦኖቹም ደሴቲቱን እስር ቤት ማድረጋቸው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1857 ካርሎ ፒሳካኔ የሚባል አብዮተኛ ካሊያሪ የተባለችውን መርከብ በመንገዷ ላይ ማርኮ ፖንዛ ደረሰና ከ300 በላይ እስረኞችን አስፈታ። እነርሱን ይዞ ደቡብ ጣሊያንን ነፃ ለማውጣት ወረደ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ራሱ ሞተ።

ወደ ሃያኛው ምዕተ ዓመት ልምጣ። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1926 ተቃዋሚዎቹን ያለ ፍርድ ቤት የሚያግዝበትን ሕግ ካወጣ በኋላ፣ ከ1928 እስከ 1939 ፖንዛ የፖለቲካ ግዞተኞች ሰፈር ሆነች። ሶሻሊስቱ፣ ኮሚኒስቱ፣ ሊበራሉ ሁሉ እዚህ ተጣለ። መጀመሪያ በቀን 10 ሊሬ፣ በኋላ 5 ሊሬ ይቆረጥላቸው ነበር። ጠዋትና ማታ ስም ይጠራል፤ ከተከለለው ሰፈር ማለፍ ክልክል ነው። እነርሱ ግን ገንዘባቸውን አዋጥተው የጋራ ማዕድ አቋቋሙ፣ መጻሕፍት ሰበሰቡ፣ በድብቅ እርስ በርስ ተማማሩ። ከግዞተኞቹ አንዱ የነበረው ጆርጆ አሜንዶላ የዚያን ዘመን ኑሮ በመጽሐፍ ጽፎታል። ሳንድሮ ፔርቲኒም እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ እዚህ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የጣሊያን ፕሬዚዳንት ሆነ።

የግዞተኞቹን ክልል በብስክሌት ማለፍ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ቁርስ ሳይረጋ ሰፈሩን ጨርሰህ ወጥተሃል። አንድ ሰው እዚያች ላይ አራት ዓመት ሲመላለስ የሚያውቃት እያንዳንዷን ድንጋይ ነው። መጽሐፍ ላይ ያነበብኩት ነገር ሁሉ ያኔ ነው ክብደቱ የገባኝ፤ በተለይም የራስ እምሩ።

አያቴ የሚያውቋቸው ራስ እምሩ የጎጃም ገዥ ነበሩ። ራስ ኃይሉ ከተሻሩ በኋላ በ1924 ዓ.ም. የተሾሙ ሸዌ ስለነበሩ ጎጃም በሙሉ ልቡ አልተቀበላቸውም። ዘመቻው ሲጀመርም ደጃዝማች ገሠሠ በለው ጦሩን ለይተው ተመልሰው ደብረ ማርቆስን ከበቡ። ራስ እምሩ ግን በቀረው ጦር ወደ ሰሜን ገሰገሱ። በታኅሣሥ 1928 ተከዜን ተሻግረው ደምበጊና ላይ የጣሊያንን ትንንሽ ታንኮች ማረኩ። አያቴ ይህችን ድል ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለሆነው ግን ዝም ይሉ ነበር።

ዝም ያሉትን ራስ እምሩ ራሳቸው ተናግረውታል። ከብዙ ዓመት በኋላ ለጣሊያናዊው የታሪክ ጸሐፊ አንጀሎ ዴል ቦካ የሰጡት ምስክርነት የታወቀ ነው። ታኅሣሥ 13 ቀን ጠዋት አውሮፕላኖች መጥተው ከቦምብ የተለየ፣ በርሜል የመሰለ ነገር ጣሉ። በርሜሎቹ ሲሰነጠቁ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ረጩ። የነካው ሰው እጁ፣ እግሩ፣ ፊቱ ተቃጠለ። ከወንዙ የጠጡትም ተሠቃዩ። ራስ እምሩ ምን መልስ እንደሚሰጡ አላወቁም፤ እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት እንደሚዋጉት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይህ የመርዝ ጋዝ በሙሶሊኒ ፈቃድ፣ በማርሻል ባዶሊዮ አዛዥነት የተረጨ ነው። የጣሊያን መንግሥት የመከላከያ ሚኒስትር ነገሩን በይፋ ያመኑት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። አያቴ ያን አልሰሙም፤ ቀድመው አርፈዋል።

የካቲት ላይ ሽሬ ተሸነፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ሲሄዱ ራስ እምሩ እንደራሴ ሆነው ጎሬ ተቀመጡ፤ ጥቁር አንበሳ የተባሉት አርበኞችም አብረዋቸው ተሰለፉ። ምዕራቡ እየተዘጋ፣ ጥይትና ስንቅ እያለቀ ሲሄድ በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ። ከዚያ ወደ ጣሊያን ተወስደው ፖንዛ ላይ ተቀመጡ። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ መኳንንትና ቤተሰቦቻቸው ወደ አዚናራ፣ ወደ ቲቮሊ፣ ወደ መርኮሊያኖ፣ ወደ ሎንጎቡኮ ተጋዙ። ራስ እምሩ ፖንዛ ሲገቡ እነ ፔርቲኒ ገና እዚያው ነበሩ። የአንዲት ትንሽ ወደብ ሁለት ዓይነት ግዞተኞች፦ አንደኛው ወገን የገዛ አገሩን አምባገነን የተቃወመ፣ ሌላው በዚያው አምባገነን አገሩ የተወሰደበት።

ራስ እምሩ የነበሩበት ቤት ሳንታ ማሪያ በምትባለው ሰፈር ነው። ከወደቡ ተነሥተህ የመንገዱን ዋሻዎች ስታልፍ ትንሽ የባሕር ዳርቻ ትከፈትልሃለች። የጀልባ ሠሪዎችና የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ናት፤ ቤቶቹ ከውኃው ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቃሉ። ብስክሌቴን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ዳርቻው ላይ ቆየሁ። ከዚያ የሚታየው ባሕር ብቻ ነው። ስለ ደጋ ሰው አሰብኩ፤ ስለ ጎጃምና ስለ ሸዋ ብርድ፣ ስለ ጋቢ። ጎጀብ ላይ ጦራቸውን በትነው መጥተው በዚህ እርጥብ አየር፣ ቋንቋቸውን በማይሰማ ሰው መካከል፣ የሚያዝዙት ሰው በሌለበት መዋል ማምሸት ምን እንደሚመስል።

በ1935 ዓ.ም. የሆነውን ጣሊያኖች ሁሉ ይተርኩታል። ሐምሌ 18 ቀን ሙሶሊኒ በንጉሡ ትእዛዝ ተሽሮ ተያዘ። ሐምሌ 21 በጦር መርከብ ፖንዛ ላይ አውርደው፣ ራስ እምሩ ቀደም ሲል በነበሩበት በዚያው የሳንታ ማሪያ ቤት አስገቡት። በማግሥቱ ስልሳ ዓመት ሞላው። ነሐሴ 1 ቀን ወደ ሌላ ደሴት ወሰዱት። የሚያስገርመው ደግሞ የግዞተኞቹ ሰፈር ቀደም ብሎ ቢዘጋም ሶሻሊስቱ ፒዬትሮ ኔኒ በዚያን ጊዜ ፖንዛ ላይ ግዞተኛ ነበር፤ ከሩቅ በመነጽር ሙሶሊኒን በመስኮት አየው። እነዚህ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1911 ጣሊያን ሊቢያን መውረሯን ተቃውመው አብረው የታሰሩ ወዳጆች ነበሩ። ያኔ ቅኝ ግዛትን የተቃወመው ወጣት በኋላ ጋዝ ያስረጨ ገዥ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1925 ሊገድለው አስቦ የተያዘው ቲቶ ዛኒቦኒም እዚያው ደሴት ላይ ነበር።

ይህ ታሪክ ሲነገር ሁልጊዜ የሚጀምረው ከሙሶሊኒ ነው፤ ራስ እምሩ የወሬው ቅመም ሆነው ብቻ ይጠቀሳሉ። እኛም አገር ነገሩን የሚያውቅ ሰው እግዚአብሔር ፈረደ ብሎ ይደሰትበታል። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ደስታው አልጸናልኝም። ሙሶሊኒን ወደዚያ ቤት የላከው ማን ነው? ከሐምሌ 18 በኋላ የጣሊያን መንግሥት መሪ የሆነው ማርሻል ባዶሊዮ ነው። ተከዜ ላይ የአያቴን ጓዶች ያቃጠለው ጦር አዛዥ፣ ለዚያ ሥራው የአዲስ አበባ መስፍን የሚል ማዕረግ የተሸለመው ባዶሊዮ። ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ ባዶሊዮና ግራዚያኒ በጦር ወንጀል እንዲጠየቁ ብትጠይቅም ባዶሊዮ አንድ ቀን እንኳ ፍርድ ፊት ሳይቆም አረጀ። አንዱ በዳይ ሌላውን በዳይ ለአሥር ቀን በአንድ ቤት ስላሰረው ለተበደለው ሰው ፍርድ ተሰጠ አይባልም። ሙሶሊኒ የታሰረው ኢትዮጵያን ስለበደለ ሳይሆን ጣሊያንን ስላስሸነፈ ነው። የዚያን ቤት ታሪክ ስንናገር ይህን መርሳት የለብንም።

ስለዚህ እኔ ታሪኩን ከራስ እምሩ ጀምሬ እናገራለሁ፤ በእሳቸውም እጨርሳለሁ። ጣሊያን በ1935 መጨረሻ ለተባባሪ ኃይሎች እጅ ከሰጠች በኋላ ነፃ ወጥተው አገራቸው ገቡ። በአሜሪካ፣ በሕንድ፣ በሶቪየት ኅብረት የኢትዮጵያ ልዑክ ሆኑ። መሬታቸውን ለጭሰኞቻቸው በማከፋፈላቸው ቀዩ ራስ ተባሉ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥቱ ሰዎች ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናሉ ብለው ያወጁት የእሳቸውን ስም ነበር። በ1972 ዓ.ም. አረፉ። የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድና የልጅነት ጓደኛ የሆነ ሰው ስለ ጭሰኛ የሚያስበውን እንዲያስብ ያደረገው ምን እንደሆነ ብዙ ተብሏል። በግዞት ያዩት ድሃ ዓሣ አጥማጅም በሐሳባቸው ቦታ ሳይኖረው አይቀርም የሚል የራሴ ግምት አለኝ፤ ግምት መሆኑን ግን አልሸሽግም።

ከሳንታ ማሪያ ወደ ሰሜን ያለው ዳገት ረጅም ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1813 ደሴቲቱን ሲይዙ የሰፈሩበትና በስማቸው የቀረውን ካምፖ ኢንግሌዜን አልፈህ ለ ፎርና ትደርሳለህ። እዚህ የሚታየው ጠባሳ የሌላ ዓይነት በደል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1975 ድረስ አንድ ኩባንያ ቤንቶናይት የተባለውን ሸክላ ቆፍሮ ሲያወጣ ነበር። ያው የእሳተ ገሞራው ስባሪ ድንጋይ በሙቅ ውኃ ረጥቦ የተለወጠ ለስላሳ አፈር ነው፤ ለጉድጓድ ቁፋሮና ለብረት ማቅለጫ ይፈለጋል። ለደመወዝ ሲሉ ብዙዎች ገቡበት፤ በምላሹ ግን አያቶቻቸው የካቡት እርከን፣ የወይን እርሻቸው፣ አለት ውስጥ የቆፈሩት ቤታቸውም ጭምር ተበላ። ከመንገዱ ዳር ቆመህ ስታይ ኮረብታው ግማሽ ጎኑ የለም።

ለ ፎርና ላይ ምሳ የበላሁት ጓያ ነው። የፖንዛ ሰዎች ጓያን በሾርባ ይሠሩታል፤ በደሴቲቱ የታወቀ ምግብ ነው። የምግብ ቤቱ ሴት አገሬ ይህን እህል እንደሚያበቅል ስነግራቸው ደነገጡ፤ ድርቅ ሲመጣ ከእርሱ በቀር የሚበላ ያጣ ሰው እግሩ እንደሚያዝ ስነግራቸው ደግሞ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። እዚያም በችግር ጊዜ ድሃውን ያኖረው እርሱ እንደነበር ነገሩኝ። የቀድሞ ግዞተኞችን ያስታውሱ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። እናታቸው ይነግሯቸው እንደነበር፣ ግዞተኞቹ ንባብና ጽሕፈት ለመንደሩ ልጆች እንዳስተማሩ አወሩልኝ። ስለ ሐበሻው ራስ ግን የሰሙት ከሙሶሊኒ ወሬ ጋር የተያያዘውን ብቻ ነው። ለእሳቸው የነገርኳቸውን ነው እዚህ የጻፍኩት።

ሮም፣ ናፖሊ፣ ሚላኖ ያላችሁ ወገኖች፣ ቤታችሁ ውስጥ ከአዚናራ ወይም ከሎንጎቡኮ የተላከ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፣ የግዞት ወረቀት ካለ ኮፒ አድርጋችሁ ለልጆቻችሁ አስቀምጡ፤ ያን ታሪክ ከጣሊያን መዝገብ ብቻ እየፈለግን ነው። ፖንዛን ማየት ለሚፈልግ ጀልባ ከፎርሚያ፣ ከቴራቺናና ከአንዚዮ ይነሣል። በሐምሌና በነሐሴ ሕዝቡ ስለሚበዛ ግንቦት ወይም መስከረም ይሻላል። ውኃ አብዝታችሁ ያዙ፤ ዋሻዎቹ ውስጥ መብራት ያስፈልጋል፤ ከለ ፎርና ስትመለሱም ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት የፊትና የኋላ ፍሬናችሁን ፈትሹ፤ መታጠፊያዎቹ ጠባብ ናቸው፤ አውቶቡሱም መሐል መንገዱን ይዞ ነው የሚመጣው።